የትኛውን ሞዴል ታንክ ልግዛ? ቀለሙንና እድፉን አወዳድሮ የመምረጫ መመሪያ

ይቺ ጥያቄ በሳምንት አንዴ ትደርሰኛለች። ሁለት ፎቶ፣ ከሥሩ አንድ መስመር፦ «የቱ ይሻላል?» ሁለቱም ለስብስብ የሚገዙ ትናንሽ የዳይካስት ሞዴሎች፣ ሁለቱም ቲ-34 (የሶቪየት ታንክ)፣ ሁለቱም አረንጓዴ፣ አንዱ በጭቃ የተለወሰ፣ አንዱ ከፋብሪካ አሁን የወጣ የሚመስል። ቀጥሎ ደግሞ «ዘመዴ ቅዳሜ ነው የሚበረው፣ ቶሎ በለኝ» ይከተላል። እኔም ጅማ ቁጭ ብዬ በስልክ ስክሪን መፍረድ አለብኝ። ሁሌ አንድ ዓይነት መልስ ስለምመልስ አንዴ በደንብ ልጻፈውና የጠየቀኝ ሁሉ ያንብበው።

እዚህ ሱቅ ገብቶ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ መምረጥ የለም። ወይ ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ይገባል፣ ወይ አዲስ አበባ ካለ ሻጭ ጋር በቴሌግራም ተስማምተን በአውቶቡስ ይላክልናል። ካልወደድነው የምንመልስበት መንገድ የለም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ብሩ ከእጃችን ከመውጣቱ በፊት ነው።

ሁለት ቃል እንግባባ። «ዳይካስት» ማለት ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት ነው፤ አብዛኛው የዚንክ ቅይጥ ነው። «ማስረጀት» የምለው ደግሞ ሞዴሉ ጦር ሜዳ የዋለ እንዲመስል የሚጨመረውን ጭቃ፣ አቧራ፣ ዝገትና ጭረት ነው።

የሚያስፈልጋችሁ

- ነጭ የማተሚያ ወረቀት፣ ሁለት ቅጠል
- ማስመሪያ
- ማጉያ መነጽር። ወርቅ ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚያደርጓት ዓይነት ከተገኘች ግሩም ናት፤ ካልሆነ የስልክ ካሜራም ይበቃል
- የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት
- የጆሮ ጥጥ፣ ደረቅ
- የእውነተኛው ታንክ ሦስት አራት ፎቶ
- ደብተርና እስክሪብቶ
- የታጠበና የደረቀ እጅ (ጣት ላይ ያለ ቅባት ማት በሚባለው የማያብለጨልጭ ቀለም ላይ የሚያብለጨልጭ አሻራ ይተዋል፣ ቀላል እንዳይመስላችሁ)

1. ታንኩ የት፣ መቼ እንደነበረ እወቁ

ሳጥኑ ላይ ብዙ ጊዜ ተጽፏል፦ የታንኩ ስም፣ ቦታው፣ ዓመቱ። ይህን ሳታውቁ ቀለሙ ትክክል ይሁን አይሁን መናገር አትችሉም።

ምሳሌ ልስጣችሁ። የጀርመን ታንኮች መጀመሪያ ጥቁር ግራጫ ይቀቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1943 መደበኛው የሥር ቀለም ወደ ደብዛዛ ቢጫ ተቀየረ፤ አረንጓዴና ቀይ ቡኒው ከዚያ በላይ ነው የሚረጨው። ስለዚህ ሳጥኑ «ኖርማንዲ 1944» ብሎ ታንኩ ድፍን ጥቁር ግራጫ የተቀባ ታይገር (ከባዱ የጀርመን ታንክ) ከሆነ ሻጩን ጠይቁት። ነጭ የክረምት ቀለም ደግሞ በጊዜያዊነት የሚቀባ ስስ ነገር ነበር፤ ወታደሮቹ በሚረግጡበትና በሚወጡበት ክዳን ዙሪያ ቶሎ ይለቃል። እንደ ቤት ግድግዳ ወጥ ነጭ ሆኖ ጭቃ ብቻ የተረጨበት ካያችሁ ቀቢው አላሰበበትም።

ማስጠንቀቂያ፦ በኋላ በኮምፒውተር ቀለም የተሞላን የጥቁርና ነጭ ፎቶ ለቀለም ማስረጃ አታድርጉ። ቀለሙ የአንድ ሰው ግምት ነው። ለጭቃውና ለጭረቱ አቀማመጥ ግን ጥቁርና ነጩ ራሱ በጣም ይጠቅማል።

2. ስኬሉን አመሳስሉ

ስኬል ማለት ሞዴሉ ከእውነተኛው ስንት ጊዜ እንዳነሰ ነው፤ 1 ለ 72 ማለት 72 ጊዜ ያነሰ ነው። 1 ለ 72 እና 1 ለ 32 የሆኑ ሁለት ታንኮችን በአንድ ዓይን ማየት ፍትሕ አይደለም። በፎቶ ሁለቱም ስክሪኑን ሞልተው ይታያሉ፣ እዚያ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ታይገር ያለ መድፉ ርዝመቱ ወደ 6.3 ሜትር ነው። በ1 ለ 72 ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ በ1 ለ 50 ወደ 12 ተኩል፣ በ1 ለ 32 ወደ 20። ከአምራቾቹ የሆቢ ማስተር ታንኮች 1 ለ 72 ናቸው፣ የድሮዎቹ ሶሊዶዎች 1 ለ 50፣ ፎርስስ ኦፍ ቫለር በ1 ለ 32ም በ1 ለ 72ም አለው።

ለምን ይጠቅማል? በ1 ለ 72 ላይ ያለች 1 ሚሊ ሜትር ጭረት በእውነተኛው ታንክ ላይ 7.2 ሴንቲ ሜትር ናት። ይህ ጭረት ሳይሆን ዶማ ያረፈበት ነው። በ1 ለ 32 ያቺው ጭረት 3.2 ሴንቲ ሜትር ናት፣ ያስኬዳል። የቀለም ውፍረትም እንደዚያው ነው፤ የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ የሚሆን ቀለም በ1 ለ 72 ላይ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፣ የቡሎኖቹን ራስ ውጦ ያስቀራቸዋል። ማስመሪያዋን የጠየቅኩት ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። ትንሽ ነገር ላይ የተቀባ ቀለም ለዓይን ይጠቁራል። ስለዚህ ጎበዝ ቀቢ ትንሹን ስኬል ትንሽ ፈካ አድርጎ ይቀባዋል። 1 ለ 72ቱ ከ1 ለ 32ቱ ፈካ ብሎ ቢታያችሁ ስህተት ነው ብላችሁ አትጣሉት።

3. ከሁለቱም ሻጮች አንድ ዓይነት ፎቶ ጠይቁ

ሻጭ የሚልክላችሁ ፎቶ ሊሸጥ የተነሳ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ለማወዳደር የሚሆን ነው። ይህን ቀድታችሁ ላኩላቸው፦

«ታንኩን ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጥልኝ። መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ቦታ፣ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ። ፍላሽም ፊልተርም የለም። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከላይ፣ ከሆዱ፤ ከዚያ ጎማዎቹንና ማርሚታውን ቀረብ አድርገህ። በቴሌግራም ስትልክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላከው።»

ነጩ ወረቀት ዳኛ ነው። ወረቀቱ ፎቶው ላይ ቢጫ ከሆነ ታንኩም የቢጫውን ያህል ዋሽቷል፤ ሰማያዊ ካለም እንደዚያው። የሁለቱ ሻጮች ወረቀት አንድ ዓይነት ነጭ ካልሆነ ቀለም ማወዳደር አቁሙ፣ ሌላ ፎቶ ጠይቁ። እንደ ፋይል የሚላከው ደግሞ ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከውን ስለሚጨምቀው ነው፤ ስትጨመቅ መጀመሪያ የምትጠፋው ያቺ የምትፈልጓት ትንሽ ጭረት ናት።

የሆዱን ፎቶ መላክ የማይፈልግ ሻጭ አጋጥሞኛል። ትቼዋለሁ። ሆዱ ላይ ቪቲዎቹ ተፈትተው እንደሆነ ይታያል፤ ከተላላጡ አንድ ሰው ከፍቶ ነካክቶታል ማለት ነው።

4. እድፉን ለጊዜው እርሱት፣ የሥሩን ቀለም እዩ

ጭቃ ብዙ ኃጢአት ይሸፍናል። ስለዚህ መጀመሪያ ጭቃ በሌለበት፣ በቱሬቱ (መድፉን ይዞ በሚዞረው የላይኛው ክፍል) ጣሪያና በላይኛው ቦዲ ላይ አተኩሩ። ጋራዥ ውስጥ የተቀባ መኪና የምታዩበት ዓይን እዚህም ይሠራል፦

ላዩ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ቀዳዳ ቀዳዳ ይላል? ቀለሙ ወፍራም ሆኖ ወይም በፍጥነት ደርቆ ነው። የወረደ፣ የተንጠባጠበ መስመር አለ? አቧራ ወይም ፀጉር ከሥሩ ታፍኖ ደርቋል? ጠርዞቹ ላይ ቀለሙ ሳስቶ ብረቱ ይታያል? ይህን የመጨረሻውን ከተሠራ ጭረት ለዩት፤ የሳሳ ቀለም ጠርዙን ሁሉ እኩል ይከተላል፣ ሆን ተብሎ የተሠራ ጭረት ግን እዚህ አለ እዚያ የለም።

ከዚያ የብረቱንና የፕላስቲኩን ክፍል አወዳድሩ። ዳይካስት የሚባለው ታንክ ሁሉ ሙሉ በሙሉ ብረት አይደለም፤ መድፉ፣ ክዳኖቹ፣ መሣሪያዎቹ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ናቸው። ያው ቀለም በሁለቱ ላይ ሲያርፍ ትንሽ ሊለያይ ይችላል። ቱሬቱ አንድ አረንጓዴ፣ የመድፉ ሥር ሌላ አረንጓዴ ከሆነ በመደርደሪያ ላይ ሁልጊዜ ዓይናችሁን የሚወጋው ይኼ ነው።

ሸካራ ሁሉ ግን ጉድለት አይደለም። ከ1943 መገባደጃ እስከ 1944 ሴፕቴምበር የተሠሩ ብዙ የጀርመን ታንኮች መግነጢስ ያለው ፈንጂ እንዳይጣበቅባቸው ዚመሪት የሚባል ሊጥ መሰል ነገር ይለቀለቁ ነበር። እንደታረሰ መሬት ፈር ፈር ይላል። «ቀለሙ ተበላሽቷል» ብሎ ጥሩ ታይገር ያለፈ ወዳጅ አለኝ፣ እስካሁን ይቆጨዋል።

5. እድፉን አንድ በአንድ «ከየት መጣህ?» በሉት

ዋናው ይህ ነው። ጥሩ ማስረጀት ማለት ብዙ ማስረጀት ማለት አይደለም። እያንዳንዱ እድፍ ምክንያት ሲኖረው ነው።

ለዚህ ደግሞ ጅማ ያለ ሰው የታደለ ነው። ዝናብ ካባራ በኋላ ቡና ጭኖ ከገጠር የገባ አይሱዙ ፈልጉና አጠገቡ አምስት ደቂቃ ቁሙ። ጭቃው ጎማውና የፓራፋንጎው ውስጥ ላይ ወፍሮ ተጋግሯል፤ ወደ ላይ ሲሄድ እየሳሳ በሩ ላይ ነጠብጣብ ብቻ ይሆናል፤ ጣሪያው ላይ ጭቃ የለም፣ አቧራ ነው ያለው። ሹፌሩ የሚረግጥባት ቦታ ቀለሟ አልቋል። የነዳጅ ታንከሩ አፍ ዙሪያ ጠቁሮ ወዝቷል፣ አቧራም ተለጥፎበታል። ማርሚታው ጫፍ ላይ ጥላሸት አለ። አሁን ወደ ታንኩ ተመለሱና ይህንኑ ፈልጉ።

ጭቃና አቧራ፦ ከታች ይጀምራል፣ ወደ ላይ እየሳሳ ይሄዳል። መድፉ ላይና ታችኛው ቦዲ ላይ እኩል መጠን ያለው ጭቃ ካለ በብሩሽ በዘፈቀደ ተረጭቷል ማለት ነው። ቀለሙም ከቦታው ጋር ይሂድ። የእኛ ቀይ አፈር ዓይናችን ውስጥ ስላለ ቀይ ጭቃ ትክክል ይመስለናል፤ ዩክሬን ላይ የተዋጋ ቲ-34 ግን ጭቃው ጥቁር ቡኒ ነው፣ ሰሜን አፍሪካ የነበረ ደግሞ ፈዛዛ የአሸዋ አቧራ ነው ያለው።

የሚፈስ ነገር፦ የዝናብና የዝገት መስመር ወደ ታች ብቻ ይወርዳል። ወደ ጎን የሄደ ካያችሁ ቀቢው ሞዴሉን አጋድሞ ሠርቶ ረስቶታል።

ጭረት፦ የተላላጠው ቦታ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ከሆነ ተጠራጠሩ። የታንክ ብረት ቀለሙ ሲነሳ ጥቂት ቆይቶ ይጠቁራል ወይም ቡኒ ይሆናል፤ የጀርመኖቹ ደግሞ ከሥር ቀይ ቡኒ ፀረ ዝገት ቀለም አላቸው። ጭረት የሚበዛው ሰው በሚወጣበት፣ ክዳን በሚከፈትበት፣ ዕቃ በሚታሰርበት ነው።

ጎማዎቹ፦ ትልቁ ማጋለጫ። ብዙ ታንኮች የጎማቸው ዳር እውነተኛ ላስቲክ ነው። ላስቲክ ደግሞ አይዝግም፣ የብር ቀለም አያወጣም። ዙሪያው በብር ቀለም የተነካካ ካያችሁ ነጥብ ቀንሱ። ግን ቀድማችሁ አረጋግጡ፦ አንዳንድ ቲ-34ና ከ1944 መጀመሪያ በኋላ የተሠሩ ታይገሮች ዳሩ ብረት የሆነ ጎማ ነበራቸው፣ እነሱ ላይ ማብለጭለጩ ልክ ነው።

ሰንሰለቱ፦ መሬት የሚነካው ፊቱ ተፍቆ ያበራል፣ ጎድጎዱ ቡኒ ዝገትና ጭቃ ይይዛል። ሙሉ በሙሉ ድፍን ጥቁር ከሆነ አልተሠራም። ሙሉ በሙሉ ብርቱካናማ ከሆነ ደግሞ ለዓመታት ሜዳ ላይ የተጣለ ታንክ ነው፣ የሚዋጋ አይደለም።

ጥላሸት፦ ማርሚታው የት እንዳለ እወቁ። እኛም አገር የምናውቀው ቲ-55 ማርሚታው በግራ ጎኑ ወደ ኋላ ፓራፋንጎው ላይ ነው፤ ቲ-34 ሁለት ቧንቧ ከኋላ አለው። ቲ-55ን ገዝታችሁ ጥላሸቱ በቀኝ ከሆነ ቀቢው ታንኩን አያውቀውም፣ ሌላውንም ነገር በደንብ ፈትሹ።

ዝገት፦ ስስ ላሜራ (ፓራፋንጎ) እና ማርሚታ ይዝጋሉ። ወፍራሙ የቱሬት ብረት ላይ የትም ቦታ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ካለ ለፎቶ ማሳመሪያ የተደረገ ነው።

6. ቁጥርና ምልክቱን ከእድፉ ጋር አገናኙ

ሁለት ዓይነት አለ፦ የታተመና የተለጠፈ። የታተመው ከቀለሙ ጋር ይዋሃዳል። የተለጠፈው ላይ ባትሪ በጎን አብሩበት፤ ዳሩ ላይ ግልጽ ፕላስቲክ ካብለጨለጨ ወይም ከሥሩ ነጫጭ አየር ከታየ በደንብ አልተለጠፈም፣ ይህ ደግሞ ውሎ አድሮ ይነሳል። ሌላው፦ ታንኩ በአቧራ ተሸፍኖ ቁጥሩ ብቻ ንጹሕ ነጭ ሆኖ ቁልጭ ካለ ከእድፉ በኋላ የተጨመረ ነው። አቧራው ቁጥሩንም መንካት አለበት።

7. ብረቱ ጤነኛ መሆኑን አረጋግጡ

ዕድሜ ያላቸውን ስትገዙ ይህን እንዳትዘሉ። የዚንኩ ቅይጥ ውስጥ እርሳስ የመሰለ ባዕድ ብረት ከገባ ውሎ አድሮ ከውስጥ ይሰነጠቃል፣ ያብጣል፣ በመጨረሻም ይፈረካከሳል። ሙቀትና እርጥበት ያፋጥነዋል፤ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ምልክቱ፦ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ፣ ቀለሙን ከሥር የሚገፋ እብጠት፣ የተጣመመ ቦዲ። ጭንቅ የሚሆነው አንዳንድ ሻጭ ስንጥቁን «የውጊያ ጉዳት» ብሎ ሲሸጠው ነው። ወደ ሌላው ሞዴል አይተላለፍም፣ መድኃኒትም የለውም። አትግዙ።

ሰንሰለቱ ለስላሳ ፕላስቲክ ከሆነ ጎማዎቹን የሚነካበትን ቦታ ተመልከቱ። አንዳንዱ የሚነካውን ፕላስቲክና ቀለም ቀስ በቀስ ያቀልጠዋል፤ የሚያጣብቅ፣ ላብ ያለው የሚመስል ከሆነ ጀምሯል።

8. በእጅ ካገኛችሁት

አዲስ አበባ ሄዳችሁ ወይም እዚሁ የሰው ስብስብ ቤት ሆናችሁ ስታዩ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ከታችኛው ቦዲ ያዙት፤ በመድፉ አታንሱ። ባትሪውን በጎን አብሩ፣ እብጠትና ጭረት በጥላው ይወጣል። ደረቅ የጆሮ ጥጥ ሆዱ ላይ በቀስታ ዳብሱበት። ጥጡ ላይ ቡኒ ዱቄት ከወጣ አቧራው አልታሰረም፣ በመንገድ ላይ ግማሹ ሳጥኑ ውስጥ ይቀራል።

ማስጠንቀቂያ፦ አልኮል፣ አሴቶን፣ ቤንዚን ያለበት ጥጥ በፍጹም። የሰው ቀለም ታነሳላችሁ፣ ከዚያ ያለፍላጎታችሁ ትገዛላችሁ። የድሮ መጫወቻ ቀለም ደግሞ እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል አትፋቁት፣ ልጆች እንዳያገኙት አርቁ፣ ከነካችሁ በኋላ ታጠቡ።

9. ነጥብ ስጡና ወስኑ

ደብተሩ ላይ ሁለት ዓምድ አስምሩ። እኔ የምሰጠው እንዲህ ነው፦ የሥር ቀለም ከ4፣ እድፍ ከ3፣ ምልክትና ቁጥር ከ1፣ የብረቱ ጤንነት ደግሞ ነጥብ የለውም፣ ወይ ያልፋል ወይ ይወድቃል። የሥር ቀለሙ ለምን በለጠ? እድፍ በኋላ ይጨመራል። የተፈጨ ቀለምና ትንሽ ብሩሽ ካላችሁ አንድ ከሰዓት ይበቃል። የበዛ እድፍን ማንሳት ግን የሥሩን ቀለምና ቁጥሩን ይዞ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ሁለቱ እኩል ከመጡ ንጹሑን ውሰዱ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

በማታ መብራት መግዛት። እኔ ራሴ አንድ ምሽት በቢጫ አምፖል ሥር የወይራ አረንጓዴ ነው ብዬ የገዛሁት ታንክ ጠዋት በረንዳ ላይ ሳወጣው ግራጫ ሆኖ ተገኘ። ሻጩ አልዋሸኝም፣ እኔ ነኝ ያልጠየቅኩት።

በሳጥኑ ሥዕል መፍረድ። ሥዕሉ ብዙ ጊዜ የናሙናው ነው። እናንተ የምትገዙት የዚያችኑ ታንክ ፎቶ ጠይቁ።

ጭቃ የበዛበትን ውድ ነው ብሎ ማሰብ። ውድ የሚያደርገው ልፋቱ ነው፣ ጭቃ መርጨት ደግሞ ብዙ አያለፋም።

አንድ ጎን ብቻ ማየት። ቀቢዎች የሚታየውን ጎን ያሳምራሉ። ግራና ቀኙ መንታ እስኪመስል አንድ ዓይነት ከሆነም ጥሩ አይደለም፤ እውነተኛ ታንክ በሁለት ጎኑ እኩል አይጫርም።

ከተስማማችሁ በኋላ ሻጩ ታንኩን መጀመሪያ በለስላሳ ወረቀት እንዲጠቀልለው ንገሩት፤ ስፖንጅ ቀለሙን በቀጥታ ሲነካ ሊጣበቅበት ይችላል። ቱሬቱ እንዳይዞር ይታሰር። ከአዲስ አበባ ጅማ ያለው መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አውቶቡሱ ላይ ደግሞ ከላይ ምን እንደሚጫንበት አታውቁም። ሲደርሳችሁ ሳጥኑን ቪዲዮ እየቀረጻችሁ ክፈቱ፤ መድፉ ተሰብሮ ቢገኝ ከሻጩ ጋር የምትነጋገሩት በዚያ ቪዲዮ ነው።